ጉንፋን በአራስ ቤት

ጉንፋኑን ያመጣሁት እኔ ነኝ፤ ከዳንግላ። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ኅዳር ላይ ከምሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት የአንድ ሳምንት ፈቃድ ወስጄ፣ በማለዳ በጋሪ መናኸሪያ ወረድኩና ወደ እንጅባራ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ከኋላዬ የተቀመጠ ሰውዬ መኪናው ገና ሳይነሳ ማስነጠስ ጀመረ። ትንሽ እንደሄድን መስኮቱን ገርበብ አደረግሁት። ወዲያው ከፊቴ የተቀመጡ ሴትዮ ዞር ብለው፣ በነፋስ ልታስመታን ነው ወይ አሉኝ። ረዳቱም ተቆጣኝ። የሚያስነጥሰው ሰውዬ ራሱ ብርዱ እንዳይብስበት ከእነሱ ጋር አበረ። ዘጋሁት። ሁላችንም አንድ ትንፋሽ እየተቀባበልን እንጅባራ ገባን።

የሄድኩት እህቴ ስለወለደች ነው። የመጀመሪያ ልጇ ናት፤ ሴት። በተወለደች በአሥራ ሁለተኛ ቀኗ ደረስኩ። እህቴ አስተማሪ ናት፤ ባሏ አዘና በሚገኝ መሥሪያ ቤት ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነበር። ስለዚህ ቤቱን በሁለት ሴቶች እጅ ነው ያገኘሁት። አንዷ እናቴ ናት፤ ከዘንገና ሐይቅ ወዲያ ካለው መንደራችን አራስ ልጇን ልትይዝ የመጣች። ሁለተኛዋ የእህቴ አማት ናቸው፤ ቤታቸው እዚያው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ጠዋት መጥተው ሲመሽ ይሄዳሉ። እናቴ አፍ የፈታችው በአዊኛ ነው። አማርኛ ትችላለች፣ ግን ሲከፋትም ደስ ሲላትም ያልቅባታል። የእህቴ አማት የከተማ ሴት ናቸው፤ ከአማርኛ ሌላ ሲናገሩ ሰምተናቸው አናውቅም ነበር።

በሁለቱ መካከል ጠብ የለም። ግን ሕፃኗን ጠዋት ጠዋት የምታጥበው እናቴ ነበረች፤ አማትየዋ ውሃ ያፈሳሉ። ይህ ሥርዓት ማንም ሳይናገረው በመጀመሪያው ቀን ተደንግጎ ነበር። እናቴ በዚህ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም። እህቴንና እኔን ስትወልድ የገዛ እናቷ ሞተው ስለነበር ያረሳት ሰው የለም። በሦስተኛው ቀን ተነስታ ውሃ እንደቀዳች ስትናገር ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ የሰው ታሪክ የምታወራ ይመስል። ለዚህ ወሊድ ከነሐሴ ጀምሮ ቅቤ ስታጠራቅም ነበር።

በመጣሁ በማግስቱ ጠዋት ጉሮሮዬን ከረከረኝ። እስከ እኩለ ቀን አፍንጫዬ መፍሰስ ጀመረ። የአራሷን ክፍል መጋረጃ ገልጬ ልገባ ስል አስነጠስኩ።

እህቴ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ ክፍል ውስጥ ለሚረብሽ ተማሪ በምትናገርበት ድምፅ፣ «እዚያው ቁም» አለችኝ። ቆምኩ። ጉንፋን ለእኔ የሳምንት ጣጣ መሆኑን፣ የሁለት ሳምንት ሕፃን ግን በአፍንጫዋ እንጂ በአፏ መተንፈስ ገና እንደማታውቅ፣ አፍንጫዋ ከተደፈነ መጥባት እንደሚቸግራት ነገረችኝ። ከዚያ የምተኛበትን ቦታ መረጠችልኝ።

ከግቢው ጥግ የዘር ድንች የሚቀመጥባት ጎጆ አለች። የባሏ ቤተሰቦች ከከተማው ዳር መሬት ስላላቸው ለሚቀጥለው ዓመት የሚተክሉትን ድንች የሚያስቀምጡት እዚያ ነው። ግድግዳዋ ስንጥቅ ቀርከሃ ነው፤ ብርሃንና ነፋስ እንዲገባ ሆን ተብሎ ክፍተት ተትቶለታል። ውስጧ ሦስት ቆጥ አለ፤ በየቆጡ ላይ ድንቹ አረንጓዴ ሆኖ፣ ጎንቁሎ ተደርድሯል። በቆጡና በበሩ መካከል አንድ ፍራሽ ለመዘርጋት ብቻ ይበቃል።

እናቴ ፍራሹን ስታይ አመማት። ብርድ የመታው ሰው እንዴት ነፋስ ውስጥ ይተኛል? ጆንያ አምጥታ የቀርከሃውን ክፍተት መወተፍ ጀመረች። የእህቴ አማት ደርሰው፣ ድንቹ ብርሃን ካላገኘ ቡቃያው ነጭ ገመድ እየሆነ ይመዘዛል ብለው ጆንያውን አንድ በአንድ አወጡት። ወደ እኔ ዞረው «አይዞህ ገጣሚው፣ እነዚህ ድንቾች ግጥም ሲነበብላቸው አይሰለቹም» አሉኝ። ግጥም እንደምጽፍ ከእህቴ ሰምተው ኖሮ ከዚያ ቀን በኋላ በሌላ ስም ጠርተውኝ አያውቁም።

ሕመሙን የያዝኩበት መንገድ የተለየ አልነበረም። ጠዋትና ማታ ሞቅ ባለ ውሃ ጨው በጥብጬ ጉሮሮዬን እጉመጠመጣለሁ። ቀን ዝንጅብል የተፈላበት ውሃ በማር እጠጣለሁ። ነጭ ሽንኩርት እናቴ በዳቦ ደብቃ ታስበላኛለች፤ የሚደበቅ ነገር ይመስል። አንድ ጊዜ ዳማከሴ አሽታ አመጣችልኝ፤ አንድ ጊዜ ደግሞ የባሕር ዛፍ ቅጠል በፈላ ውሃ ውስጥ ጨምራ በጋቢ ተከናንቤ ታጠንኩ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ በርግጥ የጠቀመኝ እንቅልፍ ይመስለኛል። የእህቴ ባል ከአዘና ደውሎ ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊን ግዛና ዋጥ አለኝ፤ እህቴ ይህን ስትሰማ መልሳ ደውላ ጉንፋን በእሱ አይድንም፣ ሁለተኛ እንዳትነግረው አለችው። ግጥም ለመጻፍም ሞክሬ ነበር። አፍንጫው የተደፈነ ሰው የሚጽፈው ስለ አፍንጫው ብቻ ስለሆነ ተውኩት።

ስህተቱ የተሠራው በምግብ ሰዓት ነው። እህቴ ሰሃኔም ብርጭቆዬም እንዲለይ አዝዛ ነበር። እናቴ ሰሃኑን ለየችው፤ ይዛው መጥታ ግን ከፍራሹ ጫፍ ተቀምጣ ከእኔው ጋር መብላት ጀመረች። ተይ አልኳት። እህቴ ያለችውን ደገምኩላት።

«የልጄ ትንፋሽ ምን ያደርገኛል?» አለችኝ።

ጉንፋን እንደሚተላለፍ ሳታውቅ ቀርታ አይደለም። የጎረቤት ልጅ ሲያስነጥስ ከአራሷ ደጃፍ የምታባርረው እሷ ነበረች። ግን በእሷ ቤት ለብቻው የሚበላ ሰው ወይ የተጣላ ነው ወይ የተጠላ። ልጇን ከሁለቱ አንዱ ማድረግ አልቻለችም። በመጀመሪያው ቀን ፊቴን ወደ ድንቹ አዙሬ በላሁ። በሁለተኛው ቀን ስታጎርሰኝ ጎረስኩ። እውነቱን ለመናገር ብቻዬን መብላት እኔንም ሰልችቶኝ ነበር።

ከዚያ የነቢያት ጾም ገባ። ለእህቴ ገንፎ የሚሆነው የተነጠረ ቅቤ አልቆ ስለነበር አንድ ቀን ረፋድ ላይ እናቴ ማድ ቤት ገብታ ቅቤ ታነጥር ጀመር። እኔ ሙቅ ውሃ ፈልጌ ሄጄ ከበሩ ውጭ ቆሜያለሁ። ቅቤው ይንተከተካል፣ ኮሰረቱና ኮረሪማው ከላይ ይንሳፈፋል፣ እሷ ታማስላለች። ስለ መንደር እያወራችኝ ነበር። አረፋው ሲጠቁር አየሁ፤ ግን ስለ ቅቤ ምን አውቃለሁ፣ እንዲህ ነው የሚሆነው ብዬ አለፍኩት።

የእህቴ አማት ከውጭ በር ሲገቡ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው «ምንድን ነው ያረረባችሁ?» አሉ።

ሁለታችንም ድስቱን አየነው። ጥቁር ሆኗል። ግቢው በሙሉ ባረረ ቅቤ ሽታ ተሞልቶ ኖሯል፤ እኔ አፍንጫዬ ስለተዘጋ አልሸተተኝም። እናቴ ግን ቅቤ መድረሱን በዐይኗ አይታ አታውቅም። ሁልጊዜ አሽትታ ነው የምታወጣው፤ ጀርባዋን ሰጥታ ሌላ ሥራ እየሠራች እንኳ «አሁን» ትላለች። ያን ጊዜ ነው አፍንጫዋን ያየሁት፤ ጫፉ በነጠላ ከመታሸት ብዛት ቀልቷል። አየችኝ። ዝም በል የሚል አስተያየት ነበር።

አማትየዋ ድስቱን አወረዱ። «ቅቤው ይቅር፤ እጅዎን አላቃጠለዎትም?» ብለው ጠየቋት፤ እዚያው ደጅ ላይ ቁጭ ብለው በአመድ መፈግፈግ ጀመሩ። እኔና እናቴ ከእሳቸው ሁለት እርምጃ ርቀን በአዊኛ ተነጋገርን። ሚስጥር ሲኖረን እንደዚያ ነበር የምናደርገው፤ በእሳቸው ፊት ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ ስናደርግ ነበር።

ይዞሻል አልኳት። ጭስ ነው አለች። ቅቤው ሸተተሽ ወይ ብላት ማማሰያውን አገላብጣ አየችው። ዛሬ ጠዋት ሕፃኗን አጥበሻታል? አጥቤያታለሁ፤ ግን አፌን በነጠላ አስሬ ነው አለች። እንግዲህ ታውቀው ነበር። ቢያንስ ከጠዋት ጀምሮ ታውቀዋለች።

ለእህቴ ንገሪያት አልኳት። እናቴ ማማሰያውን እንደያዘች ድምጿን ዝቅ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦

«ከተናገርኩ ይቺ ሴትዮ ትገባበታለች። አንዴ ከገባች አትወጣም። ቤቷ እዚህ ነው፣ እኔ የሩቅ ነኝ። ልጅቱ ስታድግ አያቴ የምትለው እሷን ነው፤ እኔ ለበዓል የምመጣ እንግዳ ነኝ። ሦስት ቀን ስጠኝ፣ አፌን አስሬ አጥባታለሁ።»

በዚህ መሐል ድስቱን የሚፈገፍገው እጅ ቆመ። የእህቴ አማት ቀና ሳይሉ፣ የከተማ ሰው በሚናገረው ዓይነት ስብርብር ያለ አዊኛ፣ ግን አንድም ቃል ሳይስቱ፣ «ለሳምንት ነው እንጂ ለሁልጊዜ አልገባበትም» አሉ።

እናቴ ማማሰያውን ጣለችው።

አማትየዋ ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ ቀጠሉ። «ምን ያፈጥሃል ገጣሚው? ይሄን ሁሉ ዓመት ከገጠር ሰው ድንችና ቅቤ ስገዛ የኖርኩት በምልክት መስሎህ ነው?»

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። በልቤ ያለፈውን ሳምንት ወደ ኋላ ቆጠርኩት። ስለ እጃቸው ክብደት ተናግራለች። ስለ ምራታቸው አያያዝ ተናግራለች። ሴትዮዋ የምናስበው የገባቸው ይመስላል፤ «ሽሮዬ ውሃ መሆኑንም ሰምቻለሁ» አሉና ድስቱን መፈግፈጋቸውን ቀጠሉ። እናቴ ከነጠላው ውስጥ ሳቀች። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠና ከዚያ በኋላ የሚካድ ነገር አልቀረም።

የዚያኑ ቀን እናቴ ወደ ድንች ጎጆዋ ገባች። እኔ ከቆጡ ሥር በጆንያ ላይ ተኛሁ፣ እሷ በፍራሹ ላይ። ከእንግዲህ ሰሃን መለየት ስለማያስፈልግ አብረን እንበላለን፤ ግን እሷ ምግቡን ትዳስሳለች እንጂ አትበላም። ዐይኗ ከአራሷ ክፍል መስኮት አይነሳም። ያ መስኮት ሕፃኗ ከመጣች ጀምሮ በብርድ ልብስ ተደፍኖ ነበር፤ እህቴ ክፍሉ አየር ያግኝ ብላ ብትለምንም ሁለቱ አያቶች በዚህ ብቻ አንድ ሆነው እምቢ ብለዋት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን የእህቴ አማት ብርድ ልብሱን አንስተው መስኮቱን አንድ ስንዝር ከፈቱት። የከፈቱት ለአየር ብለው አይደለም፤ እናቴን ለመስማት ነው።

«አሁን ውሃውን በክርኔ ስሞክረው ሞቅ ብሏል፤ ከዚያስ?» ይላሉ ከውስጥ።

እናቴ ከጎጆዋ ደጃፍ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ትመልሳለች። መጀመሪያ ራሷን። አንገቷን በግራ እጅዎ ይያዙ። ከብብቷ ሥር አይርሱ። ሴትዮዋ አራት ልጅ አሳድገዋል፤ ሕፃን ማጠብ የሚማሩት ነገር አልነበረም። ቢሆንም ሦስት ጠዋት ሙሉ እንደማያውቅ ሰው ጠየቋት፤ እናቴም ጉንፋን በዘጋው ድምፅዋ፣ በማያልቅ አማርኛ መለሰችላቸው።

እናቴ ጎጆዋ ከገባች በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ እህቴ በመስኮቱ በኩል ጠራችኝ። ሕፃኗ ጡት ይዛ ትለቃለች፣ ትነጫነጫለች፤ አፍንጫዋ ውስጥ ፊሽካ የመሰለ ድምፅ አለ። እህቴ ይህን ስትነግረኝ አስተማሪ አትመስልም ነበር።

የሰፈሩን የጤና ኤክስቴንሽን ልጅ ሄጄ አመጣኋት። ሕፃኗን ገልጣ አየቻት፣ ደረቷን ተመለከተች፣ ሙቀቷን ለካች። ትኩሳት የላትም አለች። ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት አጥቢያት፤ አፍንጫዋን በንጹሕ ለብ ያለ ጨው ውሃ ጠብታ አለስልሺው፤ ማርም ሆነ ቅቤ በአፏ እንዳይገባ፤ ጭስ እንዳይደርስባት። መድኃኒት አያስፈልጋትም። መጥባት እምቢ ካለች፣ ትኩሳት ካላት ወይም ገላዋ ከቀዘቀዘ፣ ስትተነፍስ ደረቷ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ ግን አንድ ሰዓት ሳትቆዩ ጤና ጣቢያ አምጧት። ትንፋሿንም ቁጠሩት፤ ረጋ ስትል፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ። ስልሳ ከደረሰ ወይም ካለፈ ደግማችሁ ቁጠሩ፤ ያው ከሆነ እንዳትጠብቁ።

ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ያለው የእኔ ስልክ ላይ ብቻ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ግን መግባት አልችልም። እህቴ መሐል ላይ ቁጥሩ ይጠፋባታል። ስለዚህ ሥራውን ተከፋፈልነው። አማትየዋ ከአልጋው አጠገብ ተንበርክከው የሕፃኗ ሆድ ከፍ ባለ ቁጥር «አለች» ይላሉ። እኔ ከመስኮቱ ውጭ ራቅ ብዬ ቆሜ፣ በአንድ እጄ ስልኩን፣ በሌላው እስክሪብቶ ይዤ በደብተሬ ላይ አንድ አንድ ጭረት አሰፍራለሁ። እናቴ ከበርጩማዋ ላይ በጣቷ ትቆጥራለች።

«ጀምሩ» አልኩ።

«አለች። አለች። አለች።»

በመሐሉ ሕፃኗ አለቀሰችና ተቋረጠ። እስክትረጋ ጠበቅን። ከመንገድ ላይ ባጃጅ አለፈ፤ አማትየዋ ድምፁ እስኪርቅ እጃቸውን አንስተው አስቆሙን። እንደገና ጀመርን። እናቴን ሳያት ከንፈሯ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ራሷ መተንፈስ ያቆመች ትመስላለች። ሳሏ መጣባት፤ ነጠላዋን ጥርሷ መሐል ነክሳ ዋጠችው።

ደቂቃው ሞላ። ጭረቶቹን ቆጠርኩ፤ አርባ ስምንት።

እናቴ «አርባ ዘጠኝ» አለች።

«አንዷን እኔ ነኝ የተነፈስኳት» አሉ አማትየዋ ከውስጥ። እህቴ ስትስቅ ሰማሁ፤ ወይም ስታለቅስ፤ ከውጭ ሆኖ መለየት አይቻልም።

ያን ቀን እስኪመሽ አራት ጊዜ ቆጠርን፤ በማግስቱም እንዲሁ። ስልሳ አልደረሰችም። ማታ ማታ አማትየዋ ቤታቸው መሄዱን ትተው እዚያው አደሩ። እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያስያዝኳት እኔ ነኝ አለችኝ። አይ፣ እኔ ነኝ አልኳት። ሚኒባስ ውስጥ ያስነጠሰውን ሰውዬ ነገርኳት፤ መስኮቱንም። እናቴ ነገሩን አሰበችበት። ያ ሰውዬ እናት ቢኖረው ኖሮ በዚያ ሁኔታ ከቤት አታስወጣውም ነበር ብላ ፈረደች።

በሦስተኛው ቀን ሕፃኗ ጡት ይዛ ሳትለቅ ጠገበች። ፊሽካው ቀስ በቀስ ጠፋ። እኔ ያን ጊዜ ድኜ ነበር፤ ፈቃዴ ግን አልቋል። አሠሪዬ ጋ ስደውል ገና ያልጠራ ድምፄን ሰምቶ፣ ያንን ነገር እኔ ዘንድ እንዳታመጣብኝ፣ እስኪለቅህ እዚያው ቆይ አለኝ። በዚያ ምክንያት መጨረሻውን ለማየት በቃሁ።

እናቴ ሳሏ ካቆመ በኋላ ሁለት ቀን ጨምራ ጠበቀች። ማንም አላዘዛትም። እህቴ ግቢ በቃሽ ስትላት እንኳ፣ ነገ ትላለች። በሦስተኛው ጠዋት ነጠላዋን ቀየረች፣ እጇን እስከ ክርኗ በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠበች፣ አጥር ላይ በፀሐይ የዋለ ንጹሕ ጨርቅ አፏ ላይ አስራ ወደ አራሷ ክፍል ሄደች። እኔ ተከትያት ከበሩ ቆምኩ።

የእህቴ አማት እናቴ ስትገባ አይተው ከአልጋው ጫፍ ተነሱ። ሕፃኗን አቀበሏት። ከዚያ የአዳር ልብሳቸውን በፌስታል አድርገው፣ ነጠላቸውን ደርበው ወደ በሩ መጡ። ለማለፍ እንዲመቻቸው ዞር አልኩላቸው።

እናቴ ዐይኗን ከሕፃኗ ፊት ሳታነሳ «ወዴት ነው?» አለች በአማርኛ።

«ወደ ቤቴ ነዋ። ሳምንት አልኩ፣ ሳምንቱ ሞላ።»

«ውሃውን ማን ሊያፈስልኝ ነው?»

አማትየዋ ፌስታሉን ወደ እኔ ዘርግተው «ያዝ ገጣሚው» አሉና፣ የነጠላቸውን ጫፍ ወገባቸው ላይ እየሸጎጡ ውሃውን ሊያዩ ወደ ማድ ቤት ሄዱ።